ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ የትኛው ቋንቋ? (ጎንደር ላይ ሆኖ ለሚጀምር)

ቀሃ ማዶ

ጤና ይስጥልኝ። ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ አንድ የውጭ ቋንቋ ልጀምር ነውና ምክር ፈልጌ ነው። ሥራዬ ማስጎብኘት ነው፤ ፋሲል ግቢ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ሰው ሲገኝ እስከ ደባርቅ። በቀን 1 ሰዓት አለኝ፤ መምህር የለም፣ ስልክና ጆሮ ማዳመጫ አለ። በጣሊያንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በዐረብኛና በቻይንኛ መካከል እየዋለልኩ ነው። አንድ የአሜሪካኖች ሰንጠረዥ ጣሊያንኛን ከ600 እስከ 750 ሰዓት፣ ዐረብኛንና ቻይንኛን 2200 ሰዓት ይላል። ይታመናል? ታናሽ እህቴ ደግሞ ነርስ ናት፤ ከጀርመንኛ ሌላ አልሰማም ብላለች። ለሷም የምታውቁትን ጣል አድርጉልኝ።

መምህር ዘማራኪ

ሰንጠረዡ ትክክል ነው፤ ችግሩ ለአንተ አለመሠራቱ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ለማሠልጠን ያወጣው ነው። የታሰበው ሰው በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ፣ ደመወዝ እየተከፈለው ክፍል ውስጥ የሚውል ነው፤ ማታ ቤቱ የሚያጠናው ሰዓት ደግሞ አልተቆጠረም። እዚያው ሰንጠረዥ ላይ አማርኛ ራሱ 1100 ሰዓት ተጽፎበታል፤ ከቱርክኛ፣ ከዕብራይስጥና ከሩስኛ ጋር አንድ መደብ። አንተ ያንን 1100 ሰዓት ከእናትህ ጓዳ ይዘኸው ወጥተሃል። ስለዚህ አስቀድመህ የምትጠይቀው «አማርኛዬ ለየትኛው ስንቅ ይሆነኛል?» ብለህ ነው።

ምሳሌ ላሳይህ። እንግሊዝኛ ተናጋሪን ቱርክኛ የሚያስለቅሰው የቃላቱ ተራ ነው። «ጎንደርዳን ገለን አዳም» ማለት «ከጎንደር የመጣ ሰው» ነው፤ ተራው ቁጭ አማርኛ። ቻይንኛውም «ዎ ማይ ደ ሹ» ሲል «እኔ የገዛሁት መጽሐፍ» ማለቱ ነው፤ «ደ» የኛን «የ» ሥራ ይሠራል፣ ከግሡ ኋላ መጣ እንጂ። ጀርመንኛም «ምክንያቱም» ብሎ በጀመረው ሐረግ ውስጥ ግሡን ወደ መጨረሻ ይጥለዋል፤ ይህን ለፈረንጅ ለማስረዳት ሳምንት ይፈጃል፣ ለአንተ ግን ልማድህ ነው።

ጣሊያንኛና ስፓኒሽ ደግሞ እንደ አማርኛ ባለቤቱን ግሡ ውስጥ ይሸከሙታል። «ቫዶ» ብቻውን «እሄዳለሁ» ነው። ብዙ ተማሪ ግን «ኢዮ ቫዶ፣ ኢዮ ማንጆ» እያለ በየዐረፍተ ነገሩ «እኔ፣ እኔ» ይላል። ከየት መጣ? ቋንቋውን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስለሚማር በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ይገባል። ደብተርህ ላይ ትርጉሙን በአማርኛ ጻፍ፤ ብዙ ስሕተት ከሥሩ ይቀራል።

አራዳ ጠዋት

እኔ ፈረንሳይኛ ነው የምለው። የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ነው፣ ከተባበሩት መንግሥታት 6 ቋንቋዎችም አንዱ ነው፣ ጎረቤታችን ጅቡቲም ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋዋ ነው። የምስክር ወረቀቱም ደህና ነው፦ ዴልፍ የሚባለው ፈተና አንዴ ካለፍከው ጊዜው አያልፍበትም። ማለፊያው ከ100 50 ነው፤ ግን ከአራቱ ክፍሎች (ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር) በአንዱም ከ25 ከ5 በታች ማምጣት አይቻልም። የኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ማዳመጥ ላይ ነው፤ የሚጻፈው ሌላ፣ የሚሰማው ሌላ።

መምህር ዘማራኪ

አራዳ ጠዋት፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ለቢሮ ሰው ነው የመከርከው። ልጁ ቆሞ የሚናገር ሰው ነው።

ፈረንሳይኛ ከያዘ ግን ሁለት ድምፅ ላይ ይጠንቀቅ። አንዱ በአማርኛ የሌለው «ኡ» እና «ኢ» የተጋቡበት ድምፅ ነው፤ አፍህን «ኡ» ለማለት አሹለህ ውስጥህ «ኢ» በል። ይህን ካልለየህ «መንገድ» ያልከው «የመኪና እግር» ሆኖ ይሰማል፤ በጽሑፍ ሁለት ቃል ናቸው፣ በኛ አፍ ሁለቱም «ሩ»። ሌላው በአፍንጫ የሚወጣው አናባቢ ነው፤ «ቦን» ስትል «ን»ዋን አትንካት፣ ምላስህ ላንቃህን ከነካ ተሳስተሃል።

የስሞች ጾታም አለ። አማርኛ ጾታ ስላለው እንደሚቀለን የሚያስብ አለ፤ አይቀልም። እኛ ቤቱንም ቤቷንም እንደ ስሜታችን እንላለን። ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛና ጀርመንኛ ግን አንዴ የመደቡትን አይለውጡም። ቃሉን ከነመስተአምሩ (ከስሙ ፊት ከሚቆመው ጾታ አመልካች ቃል ጋር) ካልሸመደድከው ኋላ እየመለሱ ማረም ነው።

ባለቅኔው

ዐረብኛ 2200 ሰዓት ተብሎ እንዳይታለፍ ነው የመጣሁት።

ፊደላችን ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሦስት ሆነው ተቀምጠው አፋችን ላይ አንድ ሆነዋል። ዐረብኛ ሦስቱንም ለየብቻ ይጠራቸዋል። እና ግዕዙን አጥርቶ የሚጽፍ ሰው የዐረብኛውን ድምፅ ሳይነገረው ይገምታል። «ኀምስ» በብዙኃን ኀ ነው፤ ዐረብኛው «ኸምሳ»። «ሐማት» (አማት) በሐመሩ ሐ ነው፤ ዐረብኛውም «ሐማት»፣ ከጉሮሮ። «ዐሥር» በዐይኑ ዐና በንጉሡ ሠ ይጻፋል፤ ዐረብኛው «ዐሸራ»። ንጉሡ ሠ እዚያ ብዙ ጊዜ «ሸ» ሆኖ ይገኛል፦ «ሥዕርት» (ጠጉር) «ሸዕር» ነው። እሳቱ ሰ ግን ብዙውን ጊዜ እንደሆነ ይቀራል፦ «ሰምዐ» «ሰሚዐ»፣ «ሰማይ» «ሰማእ»። ጸሐፍት ፊደሉን ስላቀያየሩት ብራና ላይ ያየኸው ሁሉ ምስክር አይሆንም፤ ቢሆንም ቅኔ ቤት የዋለ ልጅ እዚህ ላይ ከማንም ፈረንጅ ይቀድማል።

ሥርዐተ ግሡም ያው ነው፤ ሦስት ፊደል ይዞ አናባቢውን መለዋወጥ፣ መካከለኛውን ማጥበቅ። «ደረሰ» ላልቶ «ተማረ»፣ ረ ጠብቆ «አስተማረ»። እዚህ ላይ ግን መመሳሰሉ ያታልላል፦ የኛ «ደረሰ» ሌላ ነው። «ኪታብ» መጽሐፍ ነው፤ የኛ ክታብ አንገት ላይ የሚታሰር ነው። «ላህም» በግዕዝ ከብት፣ በዐረብኛ «ለሕም» ሥጋ፣ በዕብራይስጥ «ሌሔም» ዳቦ። ሁሉም የየቤቱን ዋና ምግብ የጠራበት ይመስላል።

የሚያሰናክሉ ነገሮችም አሉ። አንደኛ፣ «ጠ»ን፣ «ጸ»ንና «ቀ»ን እንደ አማርኛ ማፈንዳት። ዐረቡ አያፈነዳቸውም፤ የምላሱን ሥር ወደ ኋላ ስቦ ያወፍራቸዋል፣ አጠገባቸው ያለው አናባቢም አብሮ ይወፍራል። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ 28 ፊደል ብቻ ስለሆነ በ2 ሳምንት ይለመዳል፤ ግን አጭር አናባቢ አይጻፍም። ቃሉን ካላወቅከው አታነበውም፤ እንደ ፊደላችን ካዕብና ሣልሱ ፊት ለፊት አይታይም። ሦስተኛውና ትልቁ ግን የቱን ዐረብኛ ነው የሚለው ነው። «እፈልጋለሁ» ለማለት የመጽሐፉ «ኡሪዱ»፣ ሱዳኑ «ዳይር» (ሴት ከሆነች «ዳይራ»)፣ ግብፁ «ዓይዝ»፣ የባሕረ ሰላጤው ሰው «አብጋ» ይላል። ስልክ ላይ ያለው ትምህርት አብዛኛው የመጽሐፉ ነው።

ፒያሳ ማኪያቶ

የኔታ፣ በሐማትና በሸዕር መተማ ገበያ ላይ ምን ይገዛል?

ባለቅኔው

ምንም። ለገበያ የሚሆነው ሌላ ነው፦ ከ1 እስከ 1000 ቁጥር፣ ኪሎና ኩንታል፣ «ስንት ነው»፣ «ቀንስ»፣ «ነገ»፣ «ተቀበልኩ»። ከ150 እስከ 200 ቃል በሱዳንኛ፣ ፊደሉን ሳትነካ፣ በጆሮ ብቻ። ሱዳኖች የመጽሐፉን «ቃ» «ጋ» አድርገው ነው የሚሉት፤ «ቀልብ» «ገልብ» ነው። ይህን ካወቅህ ግማሹ ግርታ ይወድቃል። ለንባብ የሚማር ግን ከመጽሐፉ ይጀምር። ሁለቱን ባንድ ወር የጀመረ ሁለቱንም ያጣል። ለማስጎብኘት ብቻ ከሆነ ግን ዐረብኛን ሁለተኛ አድርገው።

ፒያሳ ማኪያቶ

እንግዲህ የጣሊያንኛን ነገር ለኔ ተዉልኝ።

አንድ የማይነገር ብልጫ አለን፤ ማጥበቅ። «ገና» ላልቶ «እስካሁን»፣ ጠብቆ በዓሉ። ይህን ልዩነት እንግሊዝኛ ተናጋሪ አይሰማውም። ጣሊያንኛ ደግሞ በዚሁ ነው የቆመው፦ «ፓላ» ላልቶ አካፋ፣ ጠብቆ ኳስ፤ «ካሮ» ላልቶ ውድ፣ ጠብቆ ጋሪ፤ «ኖኖ» ላልቶ ዘጠነኛ፣ ጠብቆ አያት። በላቲኑ ጽሑፍ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ከአማርኛም ይቀላል፣ ታየዋለህ። ዕድሜህን ስትናገር ብቻ «አኖ»ን አጥብቅ። ዓመት ማለት ነው፤ ካላጠበቅከው በሰው ፊት የማይጠራ የሰውነት ክፍል ይሆናል።

ድምፁም ከሞላ ጎደል አፋችን ላይ አለ። «ኝ» ለፈረንጅ መከራ ነው፤ ለኛ «ሞንታኛ» (ተራራ) ማለት ውኃ መጠጣት ነው። የምንሳሳተው «ዚ» ላይ ነው፦ «ግራዚ» ብለን እናልፋለን፤ ትክክሉ «ግራትሲዬ» ነው፣ «ት»ና «ስ» ተጣብቀው፣ እንደ ጸ ሳይፈነዱ። የቦታችንም ስም እንደዚያው «ፒያትሳ» ነው፣ አደባባይ ማለት። ጣሊያን በ5ቱ ዓመት ፖስታ ቤቱንና ሲኒማውን ሲያቆም ስሙንም ትቶልን ሄደ።

ቃሉንም ሳታውቀው ታውቀዋለህ፦ ጎማ፣ ቦሎ፣ ላቫጆ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሽ፣ ፋብሪካ፣ ካልሲ። ቴስታ ማለት ራስ ነው። ጋራዥ የዋለ ሰው ከመቶ ያላነሰ ቃል ይዞ ይጀምራል፣ ያውም ቱሪስት የማይጠይቀውን።

የሚከብደው ግሡ ነው። ላለፈ ጊዜ ሁለት ረዳት ግሥ አለ፤ «ሄደ፣ መጣ፣ ተወለደ፣ ሞተ» የሚሉት ከ«መሆን» ጋር ይሄዳሉ፣ ሌላው ብዙው ከ«መያዝ» ጋር። ለአስጎብኚ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ነገሥታቱ ሁሉ ተወልደዋል፣ ሞተዋል።

ሲስተር ዘ18

ለእህትህ የሚሆን ነው፤ እሷም ታንብበው።

ጀርመን አገር ነርስ ሆኖ ለመሥራት መንገዱ ሁለት ነው። ዲግሪዋን አስመርምራ ዕውቅና ማግኘት፣ ወይም እዚያው የ3 ዓመት የሙያ ሥልጠና መግባት። ለዕውቅናው አብዛኞቹ ክልሎች የሚጠይቁት ቢ2 የሚባለውን የቋንቋ ደረጃ ነው፤ ለሥልጠናው ከሱ አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለው ቢ1 የሚበቃበት ቦታ አለ። ዲግሪው ጉድለት ከተገኘበት ወይ የማሟያ ሥልጠና ወይ የዕውቀት ፈተና ይታዘዛል። ሁለቱም በጀርመንኛ ነው።

አሁን ሒሳቡ። ቢ2 ለመድረስ ከዜሮ ተነሥቶ ከ600 እስከ 800 ክፍለ ጊዜ ይባላል፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። በሰዓት ከ450 እስከ 600 ማለት ነው። በቀን 1 ሰዓት የምታጠና ከሆነ ከ15 እስከ 20 ወር፤ በቀን 3 ሰዓት ከሆነ ከ5 እስከ 7 ወር። ይህ ያለ ቤት ሥራው ነው። «በ3 ወር ቢ2 አስጨርሰን እንልክሻለን» የሚል ደላላ ከመጣ ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ አስቀምጪለት።

የጎተ (የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋም) ፈተና ቢ1ና ቢ2 ላይ በአራት ሞጁል የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ከ100 60 ይፈልጋል፤ የወደቅሽውን ብቻ ለይተሽ መድገም ትችያለሽ። ስለዚህ ማንበብና ማዳመጥ ከደረሱ መጻፍን ትጠብቂያለሽ ማለት አይደለም። ፈተናው አዲስ አበባ ስለሆነ ግን መሄጃና ማደሪያ ሲታሰብ አራቱንም ባንድ ጉዞ መሞከር ይሻላል።

አፍ የሚያስረው የተነባቢ ክምር ነው። «ሽትሩምፍ» (ካልሲ) ስንል በየመሐሉ ሳድስ እየሰካን «ሽ-ት-ሩ-ም-ፍ» እናደርገዋለን። መድኃኒቱ ከኋላ መጀመር ነው፦ «ምፍ»፣ «ሩምፍ»፣ «ትሩምፍ»፣ «ሽትሩምፍ»። በቀን 10 ቃል፣ ድምፅሽን በስልክ እየቀዳሽ።

አራዳ ጠዋት

ሲስተር፣ ሰዓቱንም ንገሪያቸው እንጂ። ሰው የሚወድቀው በሱ ነው።

ሲስተር ዘ18

እውነትህን ነው፣ ረስቼው። «ሃልብ ጼን» ቃሉ «ግማሽ አሥር» ነው፤ ትርጉሙ ግን 9:30 ነው፣ ወደ አሥር ግማሽ የቀረው። በኛ 3:30። ማለትም ሁለት ጊዜ ታሰናክላለች፦ አንዴ 10:30 የመሰለው፣ አንዴ የሀበሻ ሰዓት የጻፈ። ማዳመጥ ፈተና ላይ በፈረንጅ ሰዓት ጻፉ፣ አትቀይሩ። ፈረንሳይኛም ከቀትር በኋላ «15 ሰዓት» ይላል፤ በኛ 9 ነው።

ምዝገባ ላይ ደግሞ ስምና የልደት ቀን። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል ይሞላ። የልደት ቀኑ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ተቀይሮ፣ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ካልሆነ ኋላ ኤምባሲ ላይ ጣጣ ነው።

ማክሰኞ ገበያ

ቻይንኛን ማንም አልነካውም። ባጭሩ፦ ሰዋስው ቀላል፣ ድምፅና ጽሕፈት ከባድ። ግሥ አይረባም፣ ጾታ የለም። ግን አራት ዜማ አለው፤ «ማ» አንዷ እንደ አወጣጧ እናት፣ ተልባ እግር የሚመስል የቃጫ ተክል፣ ፈረስ ወይም ስድብ ትሆናለች። ሌላው፣ በላቲን «ብ» ተብሎ የተጻፈው የኛ ብ አይደለም፤ ትንፋሽ የሌለው ፕ ነው። እጅህን ከአፍህ ፊት አድርግ፤ በ«ፕ» ትንፋሽ መዳፍህን ይምታው፣ በ«ብ» አይምታው።

ለነጻ ትምህርት ዕድል ከሆነ ኤችኤስኬ በሚባለው የቻይንኛ ችሎታ ፈተና ደረጃ 4 ላይ ማለም ነው፤ በቀድሞው ስሌት 1200 ቃል፣ ከ300 180 ማለፊያ። ለመግቢያ የሚቀበሉት ውጤት 2 ዓመት ካላለፈው ነው፤ ቀድሞ መፈተን ገንዘብ ማቃጠል ነው። በእጅ መጻፉን ተዉት፣ በስልክ ተይቡ።

መምህር ዘማራኪ

ማክሰኞ ገበያ፣ «ተልባ እግር የሚመስል» ያልከውን አልተቀበልኩህም፤ ገመድና ጨርቅ የሚሠራበት የሄምፕ ተክል ነው። የቀረው ልክ ነው።

የአንገረብ ውኃ

የትኛውንም ብትይዙ ቃል ማከማቻው አንኪ ነው፤ ቃል በካርድ እያሳየ የሚያስከልስ የስልክ መተግበሪያ። አንድሮይድ ላይ ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ሲከፈት በቀን 20 አዲስ ካርድ ይላል፤ ወደ 10 አውርዱት። ምክንያቱም አዲሱ ሳይሆን ክለሳው ነው የሚገድለው፦ 10 አዲስ በቀን ማለት ከጥቂት ሳምንት በኋላ በየቀኑ ከ70 እስከ 100 ክለሳ ነው፣ 20 ደቂቃ ገደማ። በወኔ 50 የጀመረ በ3ኛው ሳምንት 400 ካርድ ተቆልሎ ያገኘውና ስልኩን ይዘጋዋል። ካርዱ ላይ ነጠላ ቃል አትጻፉ፤ አጭር ዐረፍተ ነገርና ድምፅ ይኑረው።

መብራትና ዳታ ሲጠፋ ጥናት እንዳይቆም ድምፁን አስቀድማችሁ አውርዱ። ኤምፒስሪ በ64 ኪሎቢት ከተጨመቀ የ1 ሰዓት ድምፅ 29 ሜጋባይት አይሞላም፤ በ1 ጊጋ ሜሞሪ 34 ሰዓት ይገባል። ለንግግር 64 ይበቃል፣ የሙዚቃ ጥራት አያስፈልግም።

ቀሃ ማዶ

እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህርም የኔታም። ጣሊያንኛ ወስኛለሁ። እህቴ የደላላውን ቁጥር አጥፍታለች። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ መጽሐፉን ከምዕራፍ 1 ልጀምር ወይስ ከሥራዬ?

ፒያሳ ማኪያቶ

ሁለቱንም፤ 40 ደቂቃ መጽሐፉን፣ 20 ደቂቃ ግቢውን። ግቢውን በ6 ማቆሚያ ከፋፍለው፦ በሩ፣ የፋሲል ግንብ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የኢያሱ ግንብ፣ የአንበሶቹ ቤት፣ የምንትዋብ ግንብ። ለእያንዳንዱ 8 አጫጭር ዐረፍተ ነገር፤ በሳምንት አንድ ማቆሚያ። ዐረፍተ ነገሩን ከጣሊያንኛ መጽሐፍ አትቅዳ፣ የምትናገረውን አማርኛ አሳጥረህ ተርጉመው፤ ያለዚያ ጥያቄ ሲመጣ አፍህ ይያዛል።

ዓመተ ምሕረቱን ለብቻው ተለማመድ። 1636 «ሚሌ ሴይ ቼንቶ ትሬንታ ሴይ» ነው፣ ባንድ ትንፋሽ። በኛ አቆጣጠር የምታውቀውን ዘመን ስትነግራቸው 7 ወይም 8 ደምረህ ቁረጠው፤ ፊታቸው ቆመህ አትደምር። ደረጃውን ስትወጣ ቁጠረው፣ ስትወርድ ወደ ኋላ ቁጠረው፦ ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ፣ «ኳትሮ» ላይ ት ትጠብቃለች።